ሳላነበው የታማሁበት ደብተር

እኔ ወሬኛ ነኝ። አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ማንም መጥቶ እንዳይነግረኝ ነው። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ማን እንደታጨ፣ ማን ከሥራ እንደተቀነሰ፣ የማን ልጅ ጸጉሩን አረንጓዴ እንደተቀባ ከእኔ ቀድሞ የሚሰማ ሰው ብዙ የለም። የሰው ወረቀት ግን ከፍቼ አላውቅም። ስሜ የሺሀረግ ነው፤ ፊሊፕስ ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን እኖራለሁ። የምነግራችሁ ስለ እህተማርያም ነው፤ ስድስት ወር ሙሉ ሌባ ስላደረገችኝ ጓደኛዬ።

የተዋወቅነው ፍሪድሊ በሚገኝ የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ ነው። ወደ ልብ የሚገባ፣ ከፓስታ የቀጠነ ቱቦ እንሠራለን። የምንሠራበትን ክፍል ክሊን ሩም ይሉታል። ከጸጉር እስከ ጫማ ነጭ ለብሰን፣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ስንገባ ከዓይናችን በቀር የሚታይ ነገር የለንም። ኩል አይፈቀድም፤ ቅባት አይፈቀድም፤ ወረቀት እንኳ ብናኝ አለው ተብሎ በር ላይ ይቀራል። እኔና እሷ እዚያ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን፣ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅረን አምስት ዓመት አወራን። አንድ ሳምንት በእሷ መኪና፣ አንድ ሳምንት በእኔ መኪና እንመላለስ ስለነበር በመንገድ ላይም እናወራለን። ወሬ አልቆብን አያውቅም።

አዲስ አበባ እያለች የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ደብዳቤ መታሁ፤ ‹ከሰላምታ ጋር› የማይል የራሴ ወረቀት ግን የለኝም» ትል ነበር። ዲቪ ደርሷት መጣች። የእጅ ጽሑፏ ስለሚያምር የቤተ ክርስቲያኑን ማስታወቂያ ሁሉ የምትጽፈው እሷ ናት። ስም ማውጣትም ይዋጣላታል። ፈገግ ብሎ የማያውቀውን ሱፐርቫይዘራችንን «ኮሶ» ብላ ከሰየመችው በኋላ የሰውየው ትክክለኛ ስም እስከ ዛሬ ይጠፋብኛል።

ባሏ ኤጀታ የወለጋ ልጅ ነው። በሰባት ዓመቱ ከአባቱ ጋር ተሰዶ ሱዳን፣ ገዳሪፍ አደገ። ዐረብኛ ያነባል፤ ኦሮምኛውን በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ማለት ነው፣ ያነባል ይጽፋል፤ እንግሊዝኛውም ደህና ነው። አማርኛን የተማረው ግን በጆሮው፣ እዚያው ከስደተኛ ጎረቤት ነው። ሲናገረው ከማናችንም አያንስም፤ ሀን ከለ ለይ ቢሉት ግን አይለይም። ሚኒያፖሊስ ውስጥ እንግሊዝኛ ሊማሩ አንድ ክፍል ገብተው ተገናኙ፤ ተጋቡ፤ ኢብሲቱን ወለዱ። ልጅቷን ኦሮምኛውን እሱ፣ የአማርኛውን ፊደል እሷ ሊያስተምሩ ተስማሙ። እሷም እውነቷን ነው፣ የፊደል ገበታውን ፍሪጁ ላይ ለጥፋ ቅዳሜ ቅዳሜ ታስቆጥራት ነበር። ልጅቷ ግን አባቷንም እናቷንም የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው።

በ2005፣ በረዶው ሊለቅ ሲል፣ እህተማርያም የሰባት ወር እርጉዝ ሳለች ልጁ ሆዷ ውስጥ ሞተ። ወንድ ነበር። ወልዳ፣ አቅፋ፣ ሰጠች። በእኛ ወግ ትንፋሽ ላልሳበ ልጅ ለቅሶ አይቀመጡለትም። የመጣው ሁሉ «እንኳን አንቺን አተረፈሽ» እያለ ሾርባውን አስቀምጦ ሄደ። እኔም ብያለሁ፤ ከእኔ የባሰም አልነበረ፣ የተሻለም አልነበረ። ኤጀታ በማግስቱ ኤርፖርት ታክሲውን ሊነዳ ወጣ። እሷ በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ገባች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አለች። አጠገቧ ተቀምጬ እኔ ብቻ ሳወራ እውላለሁ። አታለቅስም፣ አትስቅም፣ ስም አታወጣም። ቤቷም እንዲሁ ነው፤ ሌሊት ከልጇ ክፍል ወለል ላይ አንጥፋ መተኛት ጀመረች።

ክሊኒክ ስትሄድ አማካሪ ዘንድ ላኳት። አስተርጓሚ እናምጣልሽ ቢሏት ስሙን ጠየቀች፤ የሰንበቴ ማኅበርተኛዋ ሆኖ ተገኘ። «በእሱ በኩል ከማወራ በማይክሮፎን ብናገረው ይሻለኛል» ብላ በራሷ እንግሊዝኛ ገባች። አማካሪዋ ደብተር ግዢ አለቻት። በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ በፈለግሽው ቋንቋ ጻፊ፤ አታርሚው፤ ወደ ኋላ ተመልሰሽም አታንብቢው፤ ካንቺ በቀር ማንም አያየውም አለቻት።

ስትነግረኝ ሳቅሁባት። ሆድ ይፍጀው ተብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ የሆድን ለወረቀት መንገር ምን የሚሉት ሕክምና ነው? «ለእኔ ንገሪኝ፤ እኔ በነጻ እሰማሻለሁ» አልኳት። «አንቺ ትመልሽልኛለሽ። ወረቀቱ አይመልስም» አለችኝ። ከፋኝ፤ ግን እውነቷን ነበር።

የምትጽፈው መኪና ውስጥ ነው። ፈረቃችን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ስለሚጀምር ሩብ ጉዳይ ላይ ፋብሪካው ግቢ ደርሰን መኪናውን እናቆማለን። እሷ ሰማያዊ ደብተሯን መሪው ላይ፣ በእኔ መኪና ስንመጣ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ትጽፋለች፣ እኔ ዳቦዬን እየበላሁ ወደ ውጭ አያለሁ። በመጀመሪያው ሰሞን ደብተሩን ከእኔ ወደ በሩ ታዘነብለው ነበር። ሰኔ ላይ ማዘንበሉን ተወች። ማንበብ እችል ነበር፤ ዓይኔ ደህና ነው። አንዲት ቃል ሳላይ ከግንቦት እስከ መስከረም ዳቦዬን በላሁ። እኔ ለወሬኛነቴ እንዲህ ያለ ጾም ጾሜ አላውቅም።

ደግሞም ሠራላት። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ስትጽፍ ቆይታ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ከልጁ በኋላ ያየሁት የመጀመሪያ እንባ ነው። ጠረግ አድርጋ ጻፈች። ነሐሴ ላይ ኮሶ የራሱን መነጽር ራሱ ላይ አድርጎ ሲፈልግ አይታ ከጭንብሏ ሥር ስትንፈቀፈቅ ትከሻዋን አየሁ። እንቅልፍም ያዛት። በሳምንት አንድ ቀን ትረሳው ይሆናል እንጂ ደብተሩን አልተወችም። ቤት ስትገባ ፍሪጁ አናት ላይ ትወረውረዋለች። «ኤጀታ ቢያየውስ?» አልኳት አንዴ። «ይየው፤ ለእሱ ምስጥ የበላው እንጨት ነው» አለችኝ።

መስከረም ላይ ኢገን የሚባለው ከተማ ድረስ ንጂኝ አለችኝ፤ የእሷ መኪና ጋራዥ ነበረች። አፓርትመንት ልትጠይቅ ነው። ፎርሙን ሞላች፤ ተራ ሲደርስሽ እንደውላለን አሏት። ስንመለስ «ልተወው ብዬ አይደለም» አለች። «የራሴ በር ያለው ክፍል አማረኝ። ትንሽ ጊዜ ብቻ። ለሰው እንዳትነግሪ፣ የሺዬ።» አልነገርኩም። ወሬኛ ምን ያህል ሲከብደው ዝም እንደሚል የሚያውቅ ወሬኛ ብቻ ነው።

ጥቅምት ላይ ኤጀታ ሽማግሌ ጠራ። በእሷ ወገን ጋሽ በሪሁን፣ በእሱ ወገን ኦቦ ጎንፋ፣ ሁለቱም የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ቦታው ሴንት ፖል፣ ጋሽ በሪሁን ቤት ነው። እሷ እህት ስለሌላት እህት ሆኜ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። በእሷ መኪና አብረን ሄድን። ተመረቀ፤ ሻይ ቀረበ፤ መጀመሪያ ባል ይናገር ተባለ።

ኤጀታ ሰው ነው፣ አልበድለውም። «ጋሽ በሪሁን፣ እኔ ሚስቴን ዲስሪስፔክት ማድረግ አልፈልግም» ብሎ ጀመረ። «ግን ሰባት ወር ሙሉ ከእኔ ጋር አላወራችም። ከደብተር ጋር ነው የምታወራው። ምን ብላ እንደጻፈች ልንገራችሁ።» ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቃል በቃል፣ እንደ ውዳሴ ማርያም አወረደው።

«‹ትናንትም በር ላይ ደርሼ መኪናው ውስጥ ሃያ ደቂቃ ተቀመጥኩ። ቤቴ መግባት አስጠላኝ።› እንደዚህ ብላለች። ‹ኤጀታ ኳስ እያየ ሲስቅ ሰማሁት። በሚስቅበት አፉ አንድ ቀን የልጁን ነገር አንስቶ አያውቅም። ጥርሱን ባረግፍለት ደስ ይለኝ ነበር።› እንደዚህም ብላለች። አፓርትመንት አፕላይ አድርጋለች፣ ኢገን። ለእኔ አልነገረችኝም፤ ለደብተሩ ነግራዋለች።»

የሰማነው እሱን አልነበረም፤ ድምፁ የእሱ ነው እንጂ አነጋገሩ የእህተማርያም ነው። ጋሽ በሪሁን ጉሮሮውን ጠረገ። ኦቦ ጎንፋ ግን ፊቱ ጠቆረ። «ኤጀታ፣ አንተ አማርኛ ማንበብ አትችልም» አለው። «የሚስትህን ልብ ማን ነው ከፍቶ ያነበበልህ?»

ኤጀታ መሬት መሬት አየ። «እሱን አልናገርም፣ ኦቦ። ላልናገር ቃል ገብቻለሁ።»

እህተማርያም ዞራ አየችኝ። ባሏን አይደለም፤ እኔን። ኢገንን የማውቅ እኔ ነኝ። የቤታቸው መለዋወጫ ቁልፍ ያለው እኔ እጅ ነው። ወሬኛዋ እኔ ነኝ። «አይ የሺ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

«ማርያምን አላነበብኩም!» ብዬ ተነሳሁ። ጋሽ በሪሁን «ተይ እስቲ፣ ተቀመጪ፣ የመጣነው ለባልና ሚስቱ ነው» አለኝ። ሽማግሌ እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ያንቺ ጥፋት በኋላ ይታያል ማለቱ ነው። ኤጀታን አየሁት። አንዲት ቃል፣ «እሷ አይደለችም» የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ቤቴ ስንት ጊዜ በልቶ ጠጥቷል! ሻዩን ይዞ ዝም አለ። ለሰው ሞት አነሰው የሚባለውን ያን ቀን ገባኝ። በእሷ መኪና ስለመጣሁ ወደ ቤቴ የተመለስኩት በአውቶቡስ ነው፤ እሑድ ደግሞ አውቶቡሱ ቶሎ አይመጣም።

ሰኞ ልትወስደኝ በሬ ላይ አልመጣችም። ብቻዬን ነዳሁ። ክሊን ሩም ስገባ ወንበሯ ባዶ ነው፤ ኮሶን ለምና ሌላ መስመር ላይ ተቀይራለች። ከዚያ ወዲያ የማየው ከመስተዋት ማዶ ዓይኗን ብቻ ነበር፤ እሱንም አቀርቅራው። ቁልፉን በፖስታ አድርጌ መለስኩላት። ደብዳቤ ልጽፍ ብዬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ፤ ያልሠሩትን ሥራ አልሠራሁም ብሎ መጻፍ እንዴት ያለ ቁጣ እንደሚያመጣ አይታችሁት ከሆነ ታውቃላችሁ።

የባልና የሚስቱ ነገር በሽማግሌ ዕርቅ አለቀ፤ የኢገኑ ነገር ቀረ፤ እሷም ወደ መኝታ ቤቷ ተመለሰች ተባለ። ደብተሩን ተወችው። ይህን የነገረኝ ሰው የለም፤ ጠዋት ጠዋት ፋብሪካው ግቢ ስታቆም ሞተሩን አጥፍታ ወዲያው ስትወርድ አያት ስለነበር ነው። ከገና በኋላ እንደገና ፊቷ ከሰለ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ደስ አላለኝም።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ምድር ቤት ሻይ ስንጠጣ አንዷ እኔ እየሰማሁ «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለች፣ ለማንም ያላለች መስላ። ሴቶቹ እኔ ስቀርብ ወሬ ይቀይራሉ። አስቡት፣ እኔ ስመጣ ወሬ ሲቆም! ዕድሜ ልኬን ወሬ ወደ ነበረበት ስሄድ ቦታ የሚለቀቅልኝ ሰው ነኝ። ሁለት እሑድ ቀረሁ። ከዚያ ያላጠፋሁት ጥፋት ከቤተ ክርስቲያን አያስቀረኝም ብዬ፣ አዲስ ነጠላ ገዝቼ፣ ከፊት ተቀመጥኩ።

ለትንሣኤ ሰሞን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ዝግጅት አቀረቡ። አስተማሪያቸው ዲያቆን ሰረቀብርሃን አንድ በአንድ እየጠራ መዝሙረ ዳዊት ያስነብባቸዋል። አብዛኞቹ ሁለት መስመር ተደናቅፈው ይወርዳሉ። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ኢብሲቱ ወጣች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ፣ አንድ ሆሄ ሳትስት፣ ገጹን ሙሉ አነበበችው። እልልታ ሆነ። ሰረቀብርሃን ማይክሮፎኑን ይዞ ሳቀ። «ትርጉሙን እንዳትጠይቋት፤ አታውቀውም» አለ። «ንባቡ ግን ውኃ ነው! እናቷ ትመስገን!»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እህተማርያም ከሁለት ረድፍ ኋላ ተቀምጣለች። ዞር ብዬ ሳያት አታጨበጭብም። አፏን ይዛ እኔን እያየችኝ ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። እሷ ናት፤ ልጅቷን እጇን ይዛ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ። አላስገባኋትም። «ምን ፈለግሽ?» አልኳት መዝጊያውን እንደያዝኩ።

«መኪና ውስጥ ጠየቅኋት» አለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሩን ፍሪጁ ላይ ትቼ ኦቨርታይም ስገባ፣ እሷ ታነብለታለች፣ እሱ ይሰማል። ልጅቷ ቃሉን ሳታውቀው ድምፁን ታወጣለች፤ እሱ ፊደሉን ሳያውቀው ቃሉን ይረዳል። ለሰው እንዳትነግሪ ብሎ እሱ ቃል አስገባት፤ እሷም በተራዋ ቃል አስገባችው።»

ኢብሲቱ ጫማዋን እያየች «ሂ ሴድ ኢት ዉድ ሄልፕ ማሚ ጌት ቤተር» አለች። እናቷን ያድናታል ብሏት ነው።

የተናደድኩት ያን ጊዜ ነው፤ ካለፈው ስድስት ወር ሁሉ የበለጠ። አንድ ሰው የሚስቱን ምስጢር በልጁ አፍ ያወጣል? ያውጣ፤ ከዚያ ልጁን ለመሸፈን ብሎ እኔን ለውሻ ይወረውራል? ሚስቱስ? አምስት ዓመት አጠገቧ ተቀምጬ፣ ደብተሯን ከዓይኔ ሥር አኑራ፣ አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳትጠይቀኝ በአንድ ጊዜ አመነችብኝ። የእሱን በደል ከባዕድ በደል እቆጥረዋለሁ። የእሷ ግን እስከ ዛሬም ሲታወሰኝ ይጠዘጥዘኛል። ይህን ሁሉ እዚያው በር ላይ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ ነገርኳት። ልጅቷ ስላለች ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለመናገር ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

እሷ አልተከላከለችም። ስጨርስ ከቦርሳዋ ሰማያዊውን ደብተር አወጣች። «ሳታነቢው የታማሽበት ነው» አለችኝ። «አንብቢው። ሌላ የምክስሽ ነገር የለኝም።»

አስገባኋቸው። ለኢብሲቱ ቴሌቪዥን ከፈትኩላትና እኛ ወጥ ቤት ገባን። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ እኔ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። እንዴት ያለ ጽሕፈት መሰላችሁ! የታይፒስቷ ነገር የለበትም። ስለ ልጁ ጣቶች ጽፋለች። ስለ እኔም ጽፋለች፤ ዳቦ ሳኝክ የሚሰማው ድምፅ እንደሚያረጋጋት። እኔ ደግሞ ያን ዳቦ ስድስት ወር ብቻዬን ሳኝክ ከረምኩ። አንገቴን አላቀናሁም፣ እንባዬ እንዳይታይ።

የነሐሴው ገጽ ላይ ስደርስ ሽማግሌ ፊት የሰማሁትን አወቅሁት። «ትናንትም በር ላይ ደርሼ መኪናው ውስጥ ሃያ ደቂቃ ተቀመጥኩ። ቤቴ መግባት አስጠላኝ።» ኤጀታ ቃል አላጎደለም። ቀጥሎ የኳሱና የጥርሱ ነገር ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ሌላ መስመር አገኘሁ።

«ኢብሲቱን ስትበላ አየኋትና ምነው እሱ ተርፎ አንቺ በሞትሽ አልኩ በልቤ።»

ከሥሩ ኳሱ አለ፤ ጥርሱ አለ። መስመሩን ደግሜ አነበብኩት። ባላነበብኩት ኖሮ ብዬ የተመኘሁት ያን ጊዜ ነው።

«እህተ» አልኳት። «ኤጀታ ይህችን አንስቶብሽ ያውቃል?»

«የቷን?»

በጣቴ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አነበበች። ወደ ኋላ ተመልሰሽ አታንብቢ ስላሏት ከጻፈችበት ቀን በኋላ አላየችውም። ከፊቷ ደም ሲሸሽ አየሁ። «አንስቶ አያውቅም» አለች። «እንደዚህ ያለውን ቢያውቅ ኖሮ ያን ቀን ሌላውን ሁሉ ትቶ ይህን ነበር የሚናገረው።»

ኤጀታ ከላይ ያለውን ሰምቷል። ከታች ያለውን ሰምቷል። መሐሏን ያልሰማው የምታነብለት ስለዘለለችው ነው፤ የዘለለችው ደግሞ ስለገባት ነው። በዚያ መስመር ላይ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የማታውቀው ቃል የለም። የራሷ ስም አለበት። ሞት አለበት።

«ቃሉን አላውቀውም፣ ድምፁን ብቻ ነው ያወጣሁት ብላኛለች» አለች እህተማርያም። «አሁን መኪና ውስጥ። ምላልኛለች።» ከዚያ ልጇን ጠራች።

ኢብሲቱ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። እናቷ ደብተሩን ይዛ መስመሩን አሳየቻት። «ይህን ለዳዲ አንብበሽለታል?»

ልጅቷ መስመሩን ለማየት ጊዜ አልፈጀባትም። ራሷን ነቀነቀች፤ አላነበብኩም።

«ለምን ዘለልሽው፣ እናቴ?»

አንዴ እኔን አየች፤ አንዴ እናቷን። ከዚያ ከአፏ አማርኛ ወጣ፣ ቀስ ብሎ፣ አንዱ ቃል ከአንዱ እየተራራቀ።

«ያ የእኔ ነው። የዳዲ አይደለም።»

እህተማርያም እዚያው ወለሉ ላይ ተንበርክካ አቀፈቻት። ታምሜ ነው፣ ውሸት ነው፣ ያልኩት እኔ አይደለሁም አለች፤ ጉንጯን፣ ጸጉሯን፣ ነጭ ቀሚሷን ሳመች። ስምንት ወር ሙሉ ልጅቷ ያን መስመር ይዛ ትምህርት ቤት ሄዳለች፣ ራት በልታለች፣ እስከ ጥቅምትም ወለል ላይ ከምትተኛ እናቷ አጠገብ ተኝታለች።

«ኢትስ ኦኬይ፣ ማሚ» አለቻት። እናቷን ለማቀፍ ግን እጇን አላነሳችም።